አርባ ስድስት ኪሎ፦ በሰባ ሰባት የተወለደ የአንድ የስኳር ሕመምተኛ ጉዳይ

ወረቀቷ አራት ላይ ታጥፋ በሸሚዝ ኪስ ውስጥ ስለከረመች መሃሏ ተበጥሷል። ቀደም ሲል የታየበት ጤና ተቋም የሰጠው የምክር ወረቀት ናት፤ ለስኳር ሕመምተኛ ሁሉ የምትታደል። ተራ ቁጥር አንድ ላይ «የሰውነት ክብደትዎን ይቀንሱ» ትላለች። ተራ ቁጥር ሁለት «በየቀኑ የሰውነት እንቅስቃሴ ያድርጉ»። ሰውየውን ሚዛን ላይ ሳወጣው 46 ኪሎ ሆነ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ62 ነው። ሥራው በገበያ ቀን የማሽላ ጆንያ መሸከም ነው።

«ዶክተር፣ ከየቱ ልቀንስ?» አለኝ።

ዶክተር አይደለሁም፤ በሰሜን ወሎ በአንዲት ከተማ ሥር የሰደዱ በሽታዎችን የምከታተል ጤና መኮንን ነኝ። በእኛ አገር ግን ነጭ ጋዎን ያጠለቀ ሁሉ ዶክተር ነው። የሰውየውን ስም፣ ቀበሌውንና ለመለየት የሚያስችሉ ነገሮችን ትቻለሁ፤ የቀረውን እሱም እናቱም እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

ወደ እኛ የመጣው በግንቦት 2016 ነው። ከዚያ በፊት ለስምንት ወራት ያህል ውኃ ጥም፣ ሌሊት አምስትና ስድስት ጊዜ ለሽንት መነሳትና መክሳት ነበረበት። መጀመሪያ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ አክታው ተመረመረ፤ ነጻ ሆነ። ቤተሰቡም የራሱን አላጓደለም። በአባቱ ወገን ዱአ ተደረገለት፣ በእናቱ ወገን ጸበል ተወሰደ፤ ወሎ ነውና ማንም ይህን እንደ ግራ ነገር አላየውም። በመጨረሻ ደሙ ሲታይ ስኳሩ 412 ሆኖ ተገኘ። ዕድሜው አርባ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታልና «ዓይነት ሁለት» ተብሎ ሜትፎርሚን ተሰጠው። ሜትፎርሚን ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ከሚታወቁት ጎንዮሽ ጉዳቶቹ አንዱ ግን የምግብ ፍላጎት መቀነስ ነው። ይህ ሰው የሚያስፈልገው ነገር ቢቆጠር የመጨረሻው ይኸው ነበር።

እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነው። በትምህርት ቤት የተማርናቸው ሁለቱ ዓይነቶች ለማንም ቀላል ናቸው። ልጅ ወይም ወጣት፣ ቀጭን፣ ኢንሱሊን ያጣ፣ ሽንቱ ውስጥ ኪቶን (ሰውነት በስኳር ፈንታ ስብ ሲያቃጥል የሚወጣው ነገር) የሚገኝበት ከሆነ አንደኛው ነው። ጎልማሳ፣ ወፈር ያለ፣ ኢንሱሊን እያለው ሰውነቱ የማይታዘዝለት ከሆነ ሁለተኛው ነው። ይህ ሰው እንደ መጀመሪያው ቀጭን ነው፣ ኪቶን ግን የለበትም፤ ስኳሩ ያን ያህል ወጥቶ ለወራት ጆንያ እየተሸከመ ቆይቷል። እንደ ሁለተኛው ጎልማሳ ነው፣ የሚቀነስ ስብ ግን በገላው ላይ የለም። ካርዱ ላይ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ምልክት አድርግ ይለኛል። ለጊዜው ባዶ ተውኩት።

የተወለደበትን ዓመት ስጠይቀው «በሰባ ሰባት ነው ይላሉ» አለ። ወሎ ውስጥ ይህን ቁጥር የሚሰማ ሰው ተከታይ ጥያቄ አያስፈልገውም። እኔ ግን ለካርዱ ያስፈልገኝ ነበርና በሚቀጥለው ቀጠሮ እናቱን ይዞ እንዲመጣ ነገርኩት።

እናትየው ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ ሳብ አድርገው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «እማማ፣ እሱን ሲወልዱ የት ነበሩ?» አልኳቸው።

«ኮረም። ድንኳን ጥግ ነው የወለድኩት። ድንኳኑም የኔ አልነበረም።»

በ1976 በልግ አልዘነበም፤ ክረምቱም መጣሁ ብሎ ሳይመጣ ቀረ። በሬው ተሸጠ። ቀጥሎ ላሟ፣ ቀጥሎ የቤቱ በር። ፍሬ ያልያዘውን የማሽላ አገዳ እያኘኩ ከረሙ። እርጉዝ ሆነው ከባላቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ከቆቦ ሜዳ ተነስተው፣ በአላማጣ አድርገው፣ የግራ ካሱን አቀበት በእግር ወጥተው በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ወደነበረችው ኮረም ደረሱ። ከቆላው ሜዳ ወደ ኮረም መውጣት አንድ ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ መጨመር ነው። ማይክል በርክና ካሜራ ያዡ መሐመድ አሚን ከዚያው ሰፈር የሠሩት ዘገባ በቢቢሲ የታየው በጥቅምት 13 ቀን 1977 ነበር፤ ዓለም ስለ ኮረም የሚያውቀው በዚያ ምስል ነው። እናትየውን ስለ ካሜራ ብጠይቃቸው ትዝ አይላቸውም። ትዝ የሚላቸው ብርዱ ነው። «ራቡን ለመድነው፤ ብርዱን ግን አልቻልነውም።»

ባላቸው በተስቦ ሞቱ። ከሁለቱ ልጆች አንዷ ተከተለች። በታኅሣሥ ይህ ልጅ ሲወለድ ጡታቸው ነጥፎ ነበር። በመመገቢያ ጣቢያው የወተት ዱቄት በውኃ እየበጠበጡ ያጠጡታል፤ ክንዱ ላይ ጥብጣብ ጠምጥመው ይለኩትና «ገና ነው» እያሉ ይመልሷቸዋል። እናትየው ይህን ሲያወሩ ሳያስቡት የግራ እጃቸውን አውራ ጣትና ሌባ ጣት አገናኝተው አሳዩኝ። የልጁ ክንድ በዚያ ክብ ውስጥ ያልፍ ነበር።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ ራብ ነበር፣ ልጁ ተጎዳ፣ አለቀ። እኔም መጀመሪያ እንዲያ ነበር ያሰብኩት። እናትየው ግን የኮረሙን በአሥር ደቂቃ ጨርሰው የቀረውን ከአንድ ሰዓት በላይ አወሩኝ፤ በሽታውን ለመረዳት የቀረው እንደ ኮረሙ ይጠቅማል።

ዝናቡ ሲመለስ እርሳቸውም ዘርና ዶማ ተሰጥቷቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ወንድማቸው ግን በሰፈራ ወደ መተከል ተወስዶ ነበር። መሬት ነበራቸው፤ በሬና የሚያርስ ወንድ አልነበራቸውም። ስለዚህ መሬቱን ለእኩል ሰጡ። እኩል ማለት ምርቱን ከአራሹ ጋር ለሁለት መካፈል ነው። ደህና በሚባል ዓመት ሙሉ ምርት የሚያጠግበውን ቤት ግማሽ ምርት እስከ ሚያዝያ ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት፣ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በብድር እህል የሚታለፉ ናቸው፤ ብድሩ በኅዳር ሲከፈል ደግሞ ከግማሹ ላይ ይቀነሳል። በሬ ለመግዛት የሚተርፍ ነገር አይኖርም። በሬ የሌለው ለእኩል ይሰጣል፣ ለእኩል የሰጠ በሬ አይገዛም። ይህ አዙሪት ዝናቡ ከተመለሰ በኋላም ለዓመታት ቆየ።

ልጁ በሰባት ዓመቱ ለሌላ ቤት እረኛ ተቀጠረ፤ ክፍያው በዓመት አንድ ጊዜ በእህል ነበር። ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ሄዷል። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ወደ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወረደ፤ ወባ ደጋግሞ ጣለው። አንድ ጊዜ በአፋር በረሃ አድርጎ ጅቡቲ ደርሶ ተመልሷል፤ ስለዚያ ማውራት አይወድም፣ እኔም አልጫንኩትም። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ሲያዳርስ ገበያው ተዘጋ፣ የሚሸከመው ጆንያ ጠፋ። ጥሙ የጀመረው ከዚያ ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ነው።

አንድ ታናሽ ወንድም አለው፤ በ1984 ከእናቱ ሁለተኛ ባል የተወለደ። ይህ ባል በሬ ይዞ ነበር የመጣው። ወንድሙን በጠየቅኩት ቀን ሁለቱን ጎን ለጎን ግድግዳ አስደግፌ ለካሁ፤ ታናሹ በዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። አሥረኛ ክፍል ጨርሷል፣ ግንበኛ ነው፣ ስኳሩ ጤነኛ ነው። ከአንድ ማሕፀን ወጥተው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር አድገው፣ የሚለያቸው የተወለዱበት ዓመትና አንድ ጥማድ በሬ ነው። አባታቸው የተለያየ ነውና ይህ ማስረጃ አይሆንም፤ ለራሴም ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ነገር ግን ያንን የግድግዳ ምልክት እስካሁን አላጠፋሁትም።

ከአንድ ቤት አልፈው ያዩ ሰዎች ደግሞ አሉ። ስቴፋን ዴርኮንና ካትሪን ፖርተር እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ ገጠር እኔ በግድግዳዬ ላይ ያደረግኩትን በብዙ ቤት አድርጎታል፤ ወንድማማቾችንና እህትማማቾችን አነጻጽሯል። ራቡ ሲበረታ ሦስት ዓመት ያልሞላቸው የተጎዱ ሕፃናት አድገው ሲለኩ ከታላላቆቻቸው ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር አንሰው ተገኙ። አንደኛ ደረጃ ትምህርት የመጨረስ ዕድላቸውም ያነሰ ነበር። በዚሁ በራያ ቆቦ ወረዳ የተደረገ ሌላ ጥናትም በራቡ ዘመን በማሕፀንና በሕፃንነት የነበሩትን ከዚያ በኋላ ከተወለዱት ጋር አነጻጽሮ በቁመትም በማሰብ ችሎታ ፈተናም ልዩነት አግኝቷል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ የሚለኩት የተረፉት ብቻ መሆናቸው ነው። ደካሞቹ በኮረምና በባቲ ቀርተዋል፤ ስለዚህ የተለካው ጉዳት ከእውነተኛው ሳያንስ አይቀርም።

ቁመት አንድ ነገር ነው፤ ስኳር እንዴት ይመጣል? ኢንሱሊን የሚያመነጩት የቆሽት ሕዋሳት በአብዛኛው የሚሠሩት በማሕፀንና በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው። ምግብ ሲያጥር ፅንሱ ያለውን ለአንጎል ያስቀድማል፤ ቆሽትና ኩላሊት ከቀረው ይቆረጥላቸዋል። የኩላሊት ማጣሪያዎች ቁጥርማ ከልደት በኋላ አይጨምርም። እንግሊዛዊው ሐኪም ዴቪድ ባርከር ከባልደረባው ኒኮላስ ሄልስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1992 ያቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፤ በማሕፀን የቆጠበ አካል ለቁጠባ ተሠርቶ ይወጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 የብርድ ወራት፣ በሆላንድ በተከሰተው ራብ ወቅት በማሕፀን የነበሩ ሰዎች በሃምሳ ዓመታቸው ግድም ሲመረመሩ ስኳርን የመቋቋም አቅማቸው ደክሞ ተገኝቷል።

በዚያው ጦርነት በሩሲያ የነበረው የሌኒንግራድ ከተማ ከበባ ግን ይህን ታሪክ ያውከዋል። እዚያም በማሕፀን ተርበው የተወለዱ ሰዎች ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ1997 ውጤቱ ሲወጣ የስኳር ልዩነት አልታየባቸውም። ብዙዎች የሰጡት ማብራሪያ የሆላንድ ሕፃናት በወራት ውስጥ ወደ ጥጋብ ገቡ፣ የሌኒንግራዶቹ ግን እጥረቱ ቀጠለባቸው የሚል ነው፤ ለቁጠባ የተሠራ አካል የሚታመመው ጥጋብ ሲገጥመው ነው ማለት ነው። ይህን ሳነብ የእኔን ሰው አሰብኩ። እሱ እንደ ሌኒንግራዶቹ ነው፤ ጥጋብ አልገጠመውም። ታዲያ ለምን ታመመ?

መልሱ ከሆላንድ ይልቅ ከጎንደርና ከሕንድ የሚቀርብ ይመስለኛል። የጎንደር ሐኪሞች ከገጠር የሚመጡ፣ ቀጭን፣ ድሃ፣ በአብዛኛው ወንዶች የሆኑ ኢንሱሊን የሚያሻቸው ሕመምተኞችን ለዓመታት መዝግበዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት ሕመም «ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1985 ከመደበ በኋላ በ1999 ማስረጃው አይበቃም ብሎ ሰረዘው። ከዚያም በደቡብ ሕንድ ቬሎር በተደረገ ጥናት እነዚህ ቀጫጭን ሰዎች ዋናው ችግራቸው የኢንሱሊን ማነስ እንደሆነ፣ ከአንደኛውም ከሁለተኛውም ዓይነት እንደሚለዩ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ዓይነት አምስት» የሚል ስም ሰጠው፤ ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ሰዎች ሳይኖሩበት እንደማይቀር ይገመታል። ቆሽቱ በማሕፀን ትንሽ ሆኖ ተሠርቶ፣ ከዚያ በኋላም በየክረምቱ በሚደጋገም እጥረት ያልተጠገነ ሰው ስኳር ለመያዝ ጥጋብ አያስፈልገውም። የእኔ ሰው ይህ ስለመሆኑ ማረጋገጫ የሚሆነው የላቦራቶሪ ምርመራ እኛ ዘንድ የለም። ካርዱ ላይ ግን በባዶው ቦታ ጎን በእስክሪብቶ «በ1977 ኮረም የተወለደ» ብዬ ጻፍኩ። ለሚቀጥለው መርማሪ ከሁለቱ ሳጥኖች የበለጠ ይነግረዋል።

ሜትፎርሚኑን አስቁመን ወደ ኢንሱሊን አዛወርነው። ስኳሩ ወረደ፣ ክብደቱ ጨመረ፤ በሁለት ወር ውስጥ አራት ኪሎ። ደስ ብሎኝ ነበር። ሐምሌ ገባ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ረፋድ መናኸሪያው አጥር ሥር ወድቆ ተገኘ። ላብ አጥምቆታል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ሊያነሳው የመጣውን ሰው ገፍትሯል። ገና ሦስት ሰዓት ሳይሆን ጠጥቷል ብለው ሳቁበት፤ አንዱ ራሱ ላይ ውኃ አፈሰሰበት። ያዳነችው ቆሎ የምትሸጥ ሴት ናት። የእሷም አባት ስኳር ነበረበትና ላቡን አውቃዋለች፤ ከአጠገቧ ካለችው ሻይ ሻጭ ብርጭቆ ተቀብላ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምራ በግድ አፉ ውስጥ አንቆረቆረችለት። እኔ ዘንድ ሲያመጡት ነቅቶ ነበር፤ የሚያሳፍረው ሸሚዙ መርጠቡ ነበር።

«ምን በላህ?» አልኩት። ማታ ምንም። ጠዋት ምንም። መርፌውን ግን ባልኩት ሰዓት ወግቷል። «ሰዓት አታዛንፍ ብለኸኝ የለ?»

ሳይበሉ የተወጋ ኢንሱሊን ስኳርን ከልክ በታች ያወርዳል፤ የጣለው እሱ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ኢንሱሊን የታዘዘለት ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ይበላል ብዬ ሳልጠይቅ ነው ያዘዝኩት። ለሰውነቱ ትክክል የሆነውን መድኃኒት ለቤቱ ትክክል መሆኑን ሳላይ ሰጠሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀጠሮው የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ስኳርህ ስንት ነው» መሆኑ ቀርቶ «ቤት ውስጥ እህል እስከ መቼ ይደርሳል» ሆነ። መጠኑንም እንደ ወሩ አስተካከልነው፤ ከመከር በኋላ ሌላ፣ በክረምት ሌላ። ምንም ያልቀመሰ ቀን ምን ያህል መውጋት እንዳለበት በቃል አስጠናሁት፣ እናቱም አብረው አጠኑ፤ ከእሱ ይልቅ እርሳቸው ያዙት። ማቀዝቀዣ ስለሌላቸው ብልቃጡ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረች ትንሽ ገንቦ ይቀመጣል፤ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውኃ የሚያርከፈክፉት እርሳቸው ናቸው።

ገንዘቡ ሌላ ራስ ምታት ነበር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለደሃ ደሃ መዋጮውን ይሸፍናል፤ ዝርዝሩ ግን የሚወጣው ከቀበሌ ነው። እሱ መታወቂያው የገጠር ቀበሌ፣ ኑሮው የከተማ ኪራይ። ገጠሩ «እዚህ አይኖርም» ይላል፣ ከተማው «የእኛ አይደለም» ይላል። አራት ጊዜ ተመላልሷል፤ እያንዳንዱ ምልልስ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ነገሩን የፈታው ቅሬው ነው። በሌላው አገር እድር የሚባለው በእኛ ዘንድ ቅሬ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ የሚቀባበርበት። የሰፈሩ ቅሬ ሽማግሌዎች ቀበሌ ድረስ ሄደው መሰከሩለት፤ መዝገቡ እስኪስተካከል ድረስ ለሦስት ወር የመድኃኒቱን ከሣጥኑ አወጡ። በቀላሉ አልሆነም። ጉዳዩ ሲነሳ አንድ አባል «ቅሬ ለሬሳ ነው፤ ለበሽተኛ ከጀመርን ሣጥኑ ይራቆታል» ብለው ተከራከሩ፤ ያሉትም ከእውነት የራቀ አልነበረም። የቅሬው ዳኛ «ሬሳው ሲመጣ የምናወጣው ከዚህ ይበዛል» ብለው ዘጉት። ነገሩ በሒሳብ መዘጋቱ ደስ አለኝ፤ በርኅራኄ ቢሆን ኖሮ ለሚቀጥለው በሽተኛ አይሠራም ነበር።

ሚስቱ በዚያ ክረምት እርጉዝ ነበረች። የመጀመሪያ ልጃቸው አምስት ዓመቷ ነው፤ በነሐሴ ቤት ውስጥ የተወለደች፣ ለካኋት፣ ለዕድሜዋ አጭር ናት። ብቻዋን አይደለችም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ። መቀንጨርን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል ኪዳን የተሰየመው በሰቆጣ ነው፤ ሰቆጣም በሰባ ሰባት ጊዜ የወሎ ነበረች። አያቲቱ በማሕፀን የተሸከሙት ራብ የልጅ ልጃቸው ቁመት ላይ ደርሷል ማለት ይከብደኛል። በየክረምቱ ባዶ የሚሆነው ጎተራ ደርሷል ማለት ግን አይከብደኝም።

ስለዚህ የሚስቱን የእርግዝና ካርድ ከእሱ ካርድ ጋር በአንድ ክር አሰርኩት። መዝገብ ክፍል ደንቡ አይፈቅድም ተብዬ ተቆጥቼ ነበር፤ እስካሁን ግን አልተፈታም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየሁለት ሳምንቱ ክንዷን እየለካች ነገረችን፤ ሲቀንስ የተጨማሪ ምግብ ድጋፍ ውስጥ ገባች። የእርግዝናዋ የመጨረሻ ወራት ከመከር ጋር መግጠማቸው ከሁላችንም ድካም በላይ ረድቷል።

በጥር 2017 ወንድ ልጅ ወለደች፤ ጤና ጣቢያ፣ አልጋ ላይ። 2 ኪሎ ከ900። አዋላጇ ቁጥሩን ስትናገር አያቲቱ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ወደ እኔ ዞረው «ይሄ በጣሳ ስንት ይሆናል?» አሉኝ።

«ሦስት ግድም ይሆናል፣ እማማ» አልኳቸው።

«በየትኛው ጣሳ?» አሉ።